ባክአፑ አለ፤ ይመለሳል ወይ?

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን የክላውድ ቢል ነው። አንድ ድርጅት ቢሮው ውስጥ ያለውን ሰርቨር ትቶ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሠራበትን የሌላ ድርጅት ሰርቨር፣ ሲከራይ በወር ስንት ይከፍላል? ያልጠበቀው ወጪስ ከየት ይመጣል? 500 ጊጋባይት ዳታ ያለው የንግድ ድርጅት እንውሰድ።

እሷ፦ ማስቀመጡ ርካሽ ነው። ኤስ3 በሚባለው የአማዞን የፋይል ማስቀመጫ፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ማዕከሉ ዋጋ፣ መደበኛው ማስቀመጫ ለአንድ ጊጋባይት በወር 2.3 የዶላር ሳንቲም ነው። 500ው በወር 11 ዶላር ተኩል ይሆናል። ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለውና «በቃ፣ ባክአፕ አለን» ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ «አለን» የሚለው ነው። የፕሮግራመሮች ኮድ የሚቀመጥበት ጊትላብም ነበረው እኮ።

እሱ፦ የ2017ቱን ነው የምትዪው?

እሷ፦ አዎ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017። ጫና በዝቶ ተጠባባቂው ዳታቤዝ ከዋናው ወደ ኋላ ቀረ። መሐንዲሱ ተጠባባቂውን ከዋናው ላይ እንደ አዲስ ሊገለብጠው ፈለገ፤ ለዚህ ደግሞ የተጠባባቂው ፎልደር ባዶ መሆን አለበት። የማጥፊያውን ትዕዛዝ ሰጠ። ትዕዛዙ የሄደው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ነበር።

እሱ፦ ኧረ!

እሷ፦ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ አቋረጠው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር።

እሱ፦ ከዚያ ባክአፑን ከፈቱ።

እሷ፦ ከፈቱ። ዳታቤዙ በየቀኑ ፒጂ ደምፕ በሚባል ገልባጭ ፕሮግራም እየተገለበጠ ኤስ3 ላይ መቀመጥ ነበረበት። ባዶ! ዳታቤዙ ፖስትግረስ 9.6 ነው፤ ገልባጩ ፕሮግራም ግን የ9.2 ነበር። ስሪታቸው ስላልገጠመ ገና ሲጀምር ስህተት ብሎ ይቆማል።

እሱ፦ ሲቆም የሚያሳውቅ ኢሜይል የለም?

እሷ፦ አለ እንጂ! ኢሜይሉ ግን ዲማርክ የሚባለውን የላኪ ማረጋገጫ ስለማያሟላ ተቀባዩ ሰርቨር አይቀበለውም። ስህተቱን የሚያይ ሰው አልነበረም። የማይክሮሶፍት ክላውድ በሆነው አዙር ላይ የዲስክ ስናፕሾት፣ ማለትም የዲስኩ የአንድ ቅጽበት ቅጂ፣ አለ፤ እሱም ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልተከፈተም፣ ሌሎቹ ባክአፖች ይበቃሉ ተብሎ። አየህ፣ እያንዳንዱ በሌላው ተማምኖ ነበር።

እሱ፦ ታዲያ በምን ተረፉ?

እሷ፦ በአጋጣሚ። መሐንዲሱ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ስናፕሾት ወስዶ ነበር። መደበኛው በ24 ሰዓት አንዴ ነው የሚወሰደው። እሱንም መልሶ ለመገልበጥ ብዙ ሰዓት ፈጀ፤ የመሞከሪያው ዲስክ ቀርፋፋ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው ከ18 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከስናፕሾቱ በኋላ ዳታቤዙ እስኪጠፋ የገባው ዳታ ጠፋ። እኔ ግን እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። አንዱንም ሳይደብቁ ጻፉት፤ መልሶ የማምጣቱን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ።

እሱ፦ ቢሉ ጋ እንመለስ?

እሷ፦ እንመለሳለን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

እሱ፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ክላውዱ ራሱ ያባዛል እኮ። ኤስ3 መደበኛው ቢያንስ 3 በተለያየ ቦታ ያሉ ዞኖች፣ ማለትም የዳታ ሴንተር ስብስቦች፣ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ለትንሽ ድርጅት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

እሷ፦ ያ የሚያድንህ ከዲስክ መበላሸት ነው። ፋይሉን አንተ ካጠፋኸው 3ቱም ቦታ ይጠፋል። ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ የሚያስገቡ ሰዎችም የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ካገኙ ሊያጠፉ የሚፈልጉት ባክአፑን ነው፤ እሱ ካለ ማን ይከፍላቸዋል? ስለዚህ ባክአፑ በሌላ አካውንት፣ በሌላ ፓስወርድ ይቀመጥ። ፋይሉ እንዳይጠፋ የሚቆልፈው ኦብጀክት ሎክም ይከፈትለት። «ኮምፕላያንስ» በሚለው ከቆለፍከው ቀኑ እስኪደርስ ባለቤቱም አያጠፋውም። መጀመሪያ ግን በ1 ቀን ሞክሩት። በስህተት 10 ዓመት ብሎ የቆለፈ ሰው 10 ዓመቱን ሙሉ የማስቀመጫውን ይከፍላል።

እሱ፦ ሌላ ሪጅን፣ ማለትም ሌላ አካባቢ ባለ የክላውዱ ማዕከል፣ ላይ ባደርገውስ?

እሷ፦ ለእሳት ይበቃል። ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ፣ የክላውድ ኩባንያው የኦቪኤች አንዱ ዳታ ሴንተር ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ሌላ ከተማ ቢሆን ይተርፍ ነበር። ለተሰረቀ ፓስወርድ ግን ሌላ ከተማ ምን ያደርጋል?

እሱ፦ ለ5 ሰው ቢሮ ሌላ ሪጅንና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለ ይበቃል ባይ ነኝ።

እሷ፦ የደመወዝና የሽያጭ ዳታ ካለበት አይበቃም። ሌላ አካውንት መክፈት እኮ በራሱ ገንዘብ አያስወጣም።

እሱ፦ ገንዘብ ባያስወጣም የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። ይቆየን።

እሷ፦ ይቆየን። ግን ሰዓቱንም አስላው። የቢሮው መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት ነው እንበል። 500 ጊጋባይት 4 ሚሊዮን ሜጋቢት ነው፤ ለ20 ሲካፈል 200 ሺህ ሰከንድ፣ ወደ 55 ሰዓት ተኩል! ያውም መስመሩ ሳይቆራረጥ፣ ሌላ ሰው ሳይጠቀምበት። አዲስ አበባ መሀል ያለ ቢሮ ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ቢሞት ሱቁ እስከ ረቡዕ ከሰዓት ዝግ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቅጂ ቢሮው ውስጥ፣ በውጫዊ ዲስክ ይኑር የምለው። ገልብጠው ሲጨርሱ ይነቀል። ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌሩ እሱንም ያገኘዋል።

እሱ፦ እሺ፣ በዲስኩ እስማማለሁ። አሁን ቢሉ።

እሷ፦ ቢሉ እዚሁ ነው ያለው! ማስገባት ነፃ ነው፤ ማውጣት ያስከፍላል። ከአማዞን ወደ ኢንተርኔት በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በቨርጂኒያ ለጊጋባይት 9 ሳንቲም። ከ500ው 400ው ይከፈልበታል፣ 36 ዶላር። የ3 ወር ማስቀመጫ ማለት ነው።

እሱ፦ ለዚህ ነው ሰው ሪስቶሩን፣ ባክአፑን መልሶ ማምጣቱን፣ የማይሞክረው?

እሷ፦ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። ግን ማውጣት አያስፈልግም እኮ! እዚያው ሪጅን ውስጥ አንድ ሰርቨር ለጥቂት ሰዓት ተከራዩ። ከኤስ3 እዚያው ሪጅን ወዳለ ሰርቨር የማስተላለፊያ ክፍያ የለም። ባክአፑን መልሱ፣ ዳታቤዙን አስነሱ። የመጨረሻውን ደረሰኝ ፈልጉ፤ ቀኑ የትናንት ነው ወይስ የመጋቢት? የደንበኞቹን ብዛት ከዋናው ጋር አስተያዩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ። በየወሩ።

እሱ፦ ርካሹ ማስቀመጫ፣ ዲፕ አርካይቭ፣ ለዚህ ይሆናል?

እሷ፦ አይሆንም። ለጊጋባይት ከአንድ ሳንቲም አንድ አስረኛ ነው ዋጋው፤ ግን ፋይሉ እስኪዘጋጅ ብቻ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከ180 ቀን በፊት ብታጠፋውም የ180 ቀኑን ትከፍላለህ። ለአሮጌ መዝገብ ነው የተሠራው።

እሱ፦ ሙከራው ሲያልቅ ሰርቨሩን ማጥፋት እንዳይረሳ።

እሷ፦ «ስቶፕ» ብቻ ካሉት የሰርቨሩ ክፍያ ይቆማል፣ የዲስኩ አይቆምም። ሰርቨሩን ጨርሶ የሚያስወግደውን «ተርሚኔት» ነው ማለት ያለባቸው። ከዚያም ቮልዩምስ የሚለውን ገጽ ከፍተው «አቬይለብል» የሚል የቀረ ዲስክ እንዳለ ይዩ። ማንም አይጠቀምበትም፣ ግን በየወሩ ይከፈልበታል።