ቤርካምፕ፣ አውሮፕላንና እኔ የምፈራው ሊፍት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ስለ ኳስ ላወራችሁ ነው። መነሻዬ ግን ኳስ ሳይሆን ሊፍት ነው።

ቢሮዬ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሊፍት ውስጥ እያለን፣ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ሦስት ሰዎች ነበርን። ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። አንዷ ምሳ ዕቃዋን እቅፍ አድርጋ ይዛለች፤ የሽሮው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። አንዱ ሰውዬ በሩን በመዳፉ ይደበድባል። የእኔ ስልክ 9 በመቶ ላይ ነበር። ባትሪውን ላብራበት ወይስ ልደውልበት እያልኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። አርባ ደቂቃ ቆየን። ጄኔሬተር ተነስቶ በሩ ሲከፈት ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሊፍት ውስጥ እግሬን አላስገባሁም።

በደረጃ መውጣቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ውሸቱ ነው። ሰው "ለምን በእግርህ?" ሲለኝ "ለስፖርት ነው" እላለሁ። አንድ ጊዜ አስራ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ያንን ሥራ በጣም እፈልገው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ ሰሞን ነው ሆላንዳዊው አጥቂ ዴኒስ ቤርካምፕ በሌላ መልኩ ወደ ሐሳቤ የመጣው።

ቤርካምፕን መቼም ታውቁታላችሁ። በተለይ አርሰናልን የምትደግፉ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ልጅ እያለሁ ነው፣ ጎረቤት ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ቁጭ ብለን። የ1998ቱ የፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ፣ ሆላንድ ከአርጀንቲና፣ ሩብ ፍጻሜ። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 1990 ነው፣ ቅዳሜ። ለሆላንድ ክላይቨርት ቀድሞ አገባ፣ ለአርጀንቲና ክላውዲዮ ሎፔዝ ወዲያው አቻ አደረገ። የሆላንዱ ኑማን በቀይ ወጣ። ቀጥሎ የአርጀንቲናው ኦርቴጋ የሆላንዱን በረኛ ቫንደርሳርን በጭንቅላቱ መትቶ እሱም ወጣ። አስር ለአስር ሆኑ። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ጭማሪ ሰዓት ነው ብለን ቁርጣችንን አውቀናል።

የሆላንዱ ተከላካይ ፍራንክ ደቦር ከራሱ ሜዳ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ረጅም ኳስ ለቀቀ፣ ከ50 ሜትር በላይ። ቤርካምፕ ይሮጣል፣ ኳሷ ከኋላው በትከሻው ላይ ትመጣለች። ዘሎ በቀኝ እግሩ አየር ላይ ተቀበላት። እንደ ዕቃ አነሳት እንጂ መታት አይባልም። እግሩ ላይ ሞተች። በሁለተኛው ንክኪ በተከላካዩ በአያላ እግሮች መሀል አሳለፋት። በሦስተኛው በእግሩ የውጪ ጎን በረኛውን ሮአን አልፎ መረብ ውስጥ ከተታት። ሦስት ንክኪ፣ በአንድ እግር፣ ሦስት ሰከንድ እንኳን አይሞላም። 2 ለ 1። ሆላንዳዊው የስፖርት ጋዜጠኛ ጃክ ቫን ሄልደር ሌላ ቃል ጠፍቶበት ስሙን ብቻ ደጋግሞ ሲጮህ የሚሰማበት ቅጂ አለ፣ ፈልጋችሁ ስሙት። እኔ አሁንም ስሰማው ሰውነቴን ይወረኛል።

ያቺ ጎል ለብሔራዊ ቡድኑ 36ኛዋ ነበረች። የፋስ ቪልከስን የ35 ጎል ክብረ ወሰን ያለፈባት እሷ ናት። ያኔ ይህን አላወቅኩም፣ ጎረቤቴ ላይ ተጠምጥሜ ስጮህ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ብራዚል በመለያ ምት ጣለቻቸው። አለቀስኩ።

እንግዲህ ይህ ሰው በዚያን ጊዜ አውሮፕላን አይሳፈርም ነበር። ልጅ ሆኜ እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው። እንግሊዞቹ "የማይበረው ሆላንዳዊ" ይሉታል፣ እኛም ሰምተን ሳቅን። ሊፍቱ ውስጥ ከቆየሁ በኋላ ግን አንድ ማታ ተነስቼ ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

የተወለደው አምስተርዳም ነው፣ በ1969። አባቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አያክስ ከልጅነቱ ወስዶ አሳደገው። አሰልጣኙ ዮሃን ክራይፍ በ1986 መጨረሻ ዋናው ቡድን ውስጥ አሰለፈው፣ 17 ዓመቱ ነው። ለአያክስ በ239 ጨዋታ 122 ጎል አገባ። ለሦስት ዓመት ተከታታይ የሆላንድ ሊግ ከፍተኛ ጎል አግቢ ነበር፣ የመጀመሪያውን ከሮማሪዮ ጋር ተጋርቶ። በ1993 ኢንተር ሚላን ወሰደው።

ኢንተር ቤት አልተመቸውም። የጣሊያን ኳስ ያኔ መከላከል ነው፤ እሱ ፊት ላይ ብቻውን ይቀራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሊጉ ላይ 11 ጎል ብቻ ነው ያገባው፣ ምንም እንኳን በ1994 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን፣ ዩኤፋ ካፕን ማለቴ ነው፣ ቢያነሳም። ሌላም ነገር ነበር። ቡድኑ ወደ ጨዋታ የሚሄደው ብዙ ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላኖች ነበር፤ የሚንገጫገጩት ዓይነት። ፍርሃቱ እዚያ ቀስ በቀስ አደገ። ወደ 1994ቱ የአሜሪካ የዓለም ዋንጫ በረረ፣ ሦስት ጎልም አገባ። ከዚያ በኋላ ግን በቃኝ አለ። ከእንግዲህ አልበርም።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። 25 ዓመቱ ነው። እግር ኳስ ደግሞ የመጓዝ ሥራ ነው። "ጉልበቴን ትንሽ አሞኛል" እያለ ሊያልፈው ይችል ነበር። እንደ እኔ። አላደረገውም። አልበርም ብሎ ተናገረ። በ1995 ወደ አርሰናል ሲመጣ ያ ነገር አብሮት መጣ። ውል ሲደራደር በዚህ ምክንያት ከክፍያው እንደሚቀነስበት ራሱ ተናግሯል፤ ተቀበለው።

አርሰናል ያኔ 12ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነበር። አሰልጣኙ ብሩስ ሪዮክ ነው፣ ቬንገር ገና አልመጣም። 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሎበት መጥቶ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጎል አጣ። ጋዜጦቹ ተሳለቁበት። ከዚያ ሳውዝሃምፕተን ላይ ሁለት አገባ፣ ነገሩ ተለወጠ። 1998 ላይ ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን በአንድ ዓመት አነሱ፣ እሱም የዓመቱ ኮከብ ተባለ። በ2002 ደገሙት። የኒውካስሉን ጎል አስታወሳችሁ? ተከላካዩ ዳቢዛስ ጀርባው ላይ ነው፤ ኳሷን በአንድ በኩል ነካት፣ ራሱ በሌላ በኩል ዞረ፣ ወዲያ ማዶ ተገናኙ። አስቦበት ነው ወይስ ዕድል ነው እያሉ የሚከራከሩ አሁንም አሉ። እኔ አስቦበት ነው ባይ ነኝ። ዕድል እንደዚያ አትዞርም።

በ2003/04 ደግሞ 38 የሊግ ጨዋታ ያለ ሽንፈት፣ 26 አሸንፈው 12 አቻ። በጠቅላላው ለአርሰናል 423 ጨዋታ፣ 120 ጎል።

መልአክ ነበር አልልም። በዚያው በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ የዩጎዝላቪያው ሚሃይሎቪች ወድቆ ሳለ ረግጦታል፣ ዳኛው አላየውም እንጂ ለአርጀንቲናው ጨዋታ አይደርስም ነበር። በ1999 ደግሞ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር በተደረገው የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የመታውን ፔናልቲ በረኛው ሽማይክል አዳነበት። ከዚያ የዩናይትዱ ጊግስ መጥቶ በጭማሪ ሰዓት የማሸነፊያዋን ጎል አገባ።

አለመብረሩ ዋጋ አስከፍሏል። 1998 መኸር ላይ አርሰናል በሻምፒዮንስ ሊግ ከዳይናሞ ኪየቭ ጋር ተመደበ። ለንደን ላይ ቤርካምፕ ራሱ አገባ፣ 1 ለ 1 ወጡ። ወደ ኪየቭ ግን አልሄደም። 3 ለ 1 ተሸነፉ፣ ከምድቡም ወደቁ። የዚያን ቀን ለንደን ቤቱ ተቀምጦ ጨዋታው ሲካሄድ ምን ይሰማው ነበር? ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ጓደኞችህ እዚያ በብርድ ይሮጣሉ፣ አንተ እግርህ ደህና ነው፣ ግን የለህም። የእኔ አስራ አራተኛ ፎቅ ትዝ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ለምን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል።

በየብስ የሚደርስበት ከሆነ ደግሞ ይሄዳል። በ2000 ኮፐንሃገን ላይ ከጋላታሳራይ ጋር የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ ነበር። ሌሎቹ በአየር፣ እሱ በየብስ። ሄዶም ከመጀመሪያው ተሰለፈ።

በዚያው ዓመት የአውሮፓ ዋንጫ በሆላንድና በቤልጂየም ተካሄደ። ለእሱ ቤቱ ነው፣ መብረር የለበትም። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ጣሊያን በመለያ ምት አሸነፈቻቸው። ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ፣ በ79 ጨዋታና በ37 ጎል። 31 ዓመቱ ነበር። ቀጣዩ የዓለም ዋንጫ ጃፓንና ኮሪያ ነው፤ እዚያ በመኪና አይደረስም። ሆላንድ ያለ እሱ ማጣሪያውንም ሳታልፍ ቀረች።

ከሁሉ የምወድለት ነገር የመጨረሻው ቀኑ ነው። ሐምሌ 2006፣ አዲሱ ኤምሬትስ ስታዲየም ገና ጨዋታ አላየም። የመጀመሪያው ጨዋታ የእሱ መሰናበቻ ሆነ፣ አርሰናል ከአያክስ። ጨዋታውን ያስጀመሩት አባቱና ልጁ ናቸው። አያትና የልጅ ልጅ መሀል ሜዳ ላይ ቆመው፣ ኳሷ መሀላቸው። ያንን ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያነበብኩ ሰሞን አንድ ጠዋት ሕንጻችን በር ላይ ያሉት ጥበቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንደ ሁልጊዜው "ልጄ፣ ዛሬም ስፖርት ነው?" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ "አዎ ጋሼ" ነበር መልሴ። የዚያን ቀን "ኧረ ስፖርት አይደለም ጋሼ፣ ሊፍቱን ፈርቼ ነው" አልኳቸው። ልቤ ይመታል።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ሊፍቱ ዞር ብለው፣ "እኔስ መች ገብቼበት አውቃለሁ?" አሉ። "ተወው፣ ሂድ፣ ቀስ እያልክ ውጣ።"