ትእዛዙ ካለቀ በኋላ ፒኑ የማን ነው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ከቢሾፍቱ ከተመለስኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ጥያቄ አለ፤ እርሱን ሳልነግራችሁ ወደ ሌላ ነገር መሻገር አልቻልኩም። ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከምንሰጥበት መስኮት) ላይ በአንድ ትእዛዝ ራስበሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር አንድ ፒን (ሽቦ የሚሰካበትን እግር) ወደ 3.3 ቮልት ከፍ ካደረግን በኋላ፣ ትእዛዙ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ ያ ፒን የማን ነው?

ብዙዎቻችን ይህን ሥራ የተማርነው በአሮጌው መንገድ ነው። ሲስኤፍኤስ በሚባለው የሊኑክስ (የፓይዋ ሥርዓተ ክወና) ክፍል ውስጥ የፒኑን ቁጥር ኤክስፖርት ወደተባለው ፋይል እንጽፋለን፣ አቅጣጫውን ወደ ውጭ እናደርጋለን፣ ከዚያም ቫልዩ በተባለው ፋይል ላይ 1 እንጽፋለን፤ ከፒኑ ጋር ያገናኘናት አምፖልም ትበራለች። የጻፍንበት ትእዛዝ በቅጽበት ይወጣል፤ አምፖሏ ግን ሌላ ሰው መጥቶ 0 እስኪጽፍባት ድረስ እንደበራች ትቆያለች። ይህን መንገድ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ማንም ጀማሪ ፋይል ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ በእጁ የሚዳሰስ ነገር ሲንቀሳቀስ የሚያይበት መንገድ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሊኑክስ 4.8 ሲወጣ ግን ሌላ መንገድ መጣ፤ አሮጌውም ጊዜው እንዳለፈበት ተነገረ። በአዲሱ መንገድ እያንዳንዱ የፒኖች ቺፕ ራሱን የቻለ የመሣሪያ ፋይል አለው፤ ባርቶሽ ጎላሼቭስኪ የጀመረው ሊብጂፒአይኦዲ የተባለው ላይብረሪም (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ከነትእዛዞቹ በዚያ ላይ ይሠራል። ጂፒአይኦዲቴክት ቺፖቹን ያሳያል፤ ጂፒአይኦኢንፎ እያንዳንዱን መስመር፣ ማለትም ፒን፣ ማን እንደያዘው ይነግረናል፤ ጂፒአይኦጌት ያነባል፣ ጂፒአይኦሴት ይጽፋል፣ ጂፒአይኦሞን ደግሞ ለውጥ እስኪመጣ ይጠብቃል። የሁሉም መሠረት አንድ ሐሳብ ነው፤ መስመሩን የሚፈልግ ፕሮግራም ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ ሲወጣም ይመልሳል። ቤት እንደተከራየ ሰው ነው፤ ቁልፉን ካስረከበ በኋላ ዕቃው በነበረበት እንዲቀመጥለት አከራዩን መጠየቅ አይችልም። የላይብረሪው መግለጫም ጂፒአይኦሴት ከወጣ በኋላ ፒኑ በነበረበት ይቆያል ብሎ መጠበቅ ስሕተት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል።

እንግዲህ ቢሾፍቱ የሄድኩት ዶሮ ወደሚያረቡት ጋሼ ዘንድ ነበር፤ የዶሮ ቤታቸውን ቬንትሌተር በፓይ ለማዘዝ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በርትቶ ነበር፤ እኔም ለትልቁ ቬንትሌተር የተዘጋጀውን ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) እየሞከርኩ ነበር። ትንሿ ሪሌይ የኮንታክተሩን ጥቅል ታነሣለች፣ ኮንታክተሩ (ትልቁ ማብሪያ) ደግሞ የሞተሩን ኃይል ይሸከማል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ያን ክፍል በጥሩ ሁኔታ ሠርቶት ነበር። ጂፒአይኦሴት ብዬ መስመር 17ን ወደ 1 አደረግሁ። ሪሌይዋ ቀጭ አለች፣ ኮንታክተሩ ከበድ ባለ ድምፅ ተከተላት፣ ቬንትሌተሩም ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያዩ የነበረው ግን ቬንትሌተሩን ሳይሆን ስክሪኑን ነበር፤ ምክንያቱም ተርሚናሉ አዲስ ትእዛዝ የሚጠብቅበትን ምልክት አልመለሰም። «ይሄ ነገር ለምን ቆመ?» አሉኝ። «አልቆመም ጋሼ፤ ይዞት ነው፤» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው የላይብረሪው ሁለተኛ ትውልድ ጀምሮ ጂፒአይኦሴት ካላዘዙት በስተቀር አይወጣም፤ መስመሩን እንደያዘ ይቀመጣል። ጋሼ ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ አንቺ ይህን ዘግተሽው ስትሄጂስ ማን ይይዘዋል?» አሉኝ።

በዚያች ቅጽበት መልስ አልሰጠሁም። ኮንትሮል እና ሲ ቁልፎችን ተጫንኩ፤ ትእዛዙ ወጣ፣ ሪሌይዋ ለቀቀች፣ ቬንትሌተሩም ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥያቄያቸው የተመለሰላቸው ይመስላቸው ነበር። እኔን ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚረብሸኝ ይህ ነው። እኔ ቤት ያለችው ፓይ ላይ ያንኑ ትእዛዝ ሰጥቼ በዚያው መንገድ ሳቋርጠው ፒኑ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ትእዛዙ አንድ ነው፣ የፒኑ ቁጥር አንድ ነው፤ የሚለየው ከሥር ያለው የከርነል ድራይቨር፣ ማለትም በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ፒኖቹን የሚያዘው ፕሮግራም ነው። የራስበሪ ፓይ ድራይቨር ለብዙ ጊዜ የተለቀቀውን ፒን ወደ ግቤት (ኃይል ወደማይሰጥበት፣ ወደሚያነብበት ሁኔታ) ይመልሰው ነበር፤ በኋላ ደግሞ የውጤት ፒኖች በነበሩበት እንዲቆዩ የሚያደርግ ማስተካከያ ተጨመረበት። ስለዚህ ጋሼ በዓይናቸው ያዩት ነገር በዚያች ማሽን፣ በዚያ ከርነል እውነት ነው። ነገ ሲስተሙ ሲታደስ እውነት መሆኑ ሊቀር ይችላል፤ ይህንን ደግሞ ከስክሪኑ ላይ የሚያነቡበት መንገድ የላቸውም።

ስለ ቁጥርም ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ሽቦው የገባበትን ቀዳዳ ቆጥረው «አሥራ አንደኛው ላይ ነው የሰካሽው፤ አሥራ ሰባት የምትይው የትኛውን ነው?» ብለውኝ ነበር። ልክ ናቸው፤ ከ40ዎቹ ፒኖች መካከል በአቀማመጥ 11ኛው በቺፑ አቆጣጠር 17 ነው፤ ጎርደን ሄንደርሰን በሠራው ዋይሪንግፓይ አቆጣጠር ደግሞ ያው ፒን 0 ነበር። ለአንድ ፒን ሦስት ቁጥር! የቺፑም ቁጥር ቢሆን አይታመንም፤ ራስበሪ ፓይ 5 ሲወጣ ፒኖቹ ያሉበት ቺፕ በቁጥር 4 ይጠራ ነበር፤ በኋላ ወደ 0 ተመለሰ፤ በ4 የተጻፉ ስክሪፕቶች ሁሉ መታረም አስፈለጋቸው። እኔ አሁን መስመሩን በስሙ እጠራለሁ፤ ቁጥር መጻፍ ትቻለሁ፤ እናንተም ብትተዉት ደስ ይለኛል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። አንዱ መልስ ጂፒአይኦሴትን የጀርባ አገልግሎት አድርጎ ሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሣው ፕሮግራም) እንዲጠብቀው ማድረግ ነው፤ ያዡ ከወደቀ ሲስተምዲ ያስነሣዋል፣ እኔ ብሄድም ያዥ አለ። ሌላው ፒንሲቲአርኤል የተባለው የራስበሪ ፓይ የራሱ ትእዛዝ ነው፤ እርሱ ከከርነሉ ፈቃድ ሳይጠይቅ በቀጥታ ሬጅስተሩ (ፒኑን የሚቆጣጠረው የቺፑ ማኅደር) ላይ ጽፎ ይወጣል፣ የጻፈውም ይቆያል። ይህ ምቾት ያስፈራኛል። ሌላ ፕሮግራም የያዘውን መስመር እንኳ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀይረዋል፤ ጂፒአይኦኢንፎን ብትጠይቁት እጁን ያስገባውን አካል ስም አይነግራችሁም። ሌሊት ተነሥቼ አንድ ነገር መበላሸቱን ስሰማ «ማን ነካው?» ብዬ መጠየቅና መልስ ማግኘት እፈልጋለሁ።

ደግሞም ያዥ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ማሽኗ ራሷ ደርቃ ብትቀር ያዡ አብሮ ይደርቃል፤ ፒኑ ግን የመጨረሻ ሁኔታውን እንደያዘ ይቀጥላል። ለዚህ ወደ 15 ሰከንድ የሚደርስ ጊዜ ቆጥሮ ምላሽ ካጣ ማሽኗን እንደገና የሚያስነሣት የሃርድዌር ዋችዶግ አለ፤ ስትነሣ ፒኖቹ ሁሉ መጀመሪያ ግቤት ይሆናሉ፣ ከ0 እስከ 8 ያሉት በደካማ ኃይል ወደ ላይ (ወደ 1)፣ ከ9 ጀምሮ ያሉት ወደ ታች (ወደ 0) ይሳባሉ። 17ን የመረጥኩት በዚህም ምክንያት ነው፤ ሪሌያችን ፒኑ ከፍ ሲል የምትነሣ ስለሆነች፣ በማስነሻው ወቅት ሳይታዘዝ እንዳይቀሰቀስ።

ታዲያ እዚህ ላይ መልሱ ትእዛዙ ውስጥ ሳይሆን ሽቦው ውስጥ ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነበልኩ። ሪሌይዋ ሁለት መውጫ አላት፤ አንዱ ባልተነሣችበት ጊዜ ክፍት (ኃይል የማያሳልፍ)፣ ሌላው ደግሞ ዝግ (ኃይል የሚያሳልፍ) የሆነው። ቬንትሌተሩን በዝጉ በኩል ብናገናኘው፣ ፓይዋ ደርቃ እንደገና ስትነሣም ሆነ ትእዛዙ ሲወጣ፣ ፒኑ ከተለቀቀ ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ ማቆም የሚፈልግ ነው ፒኑን መያዝ ያለበት። ለሙቀት ቀን ይህ ትክክል ነው፤ አየር ያጣ የዶሮ ቤት ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ለውሃው ፓምፕ ደግሞ ተቃራኒው ትክክል ነው፤ ያዥ ሲጠፋ ፓምፑ መቆም አለበት፣ አለዚያ ጉድጓዱ ሲደርቅ ሞተሩ ይቃጠላል።

በዚህ ረክቼ ልተኛ ስል ግን የአንድ ቀን ጫጩቶቹ ትዝ አሉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ በሌሊት ያ ትልቅ ቬንትሌተር ያለ ተቆጣጣሪ ቢዞርባቸው የሚያድናቸው የለም። ስለዚህ በዚያው ቤት፣ በዚያው ሽቦ፣ «ሲለቀቅ ይዙር» የሚለው ውሳኔ ለአደጉት ሕይወት ሲሆን ለትንንሾቹ ሞት ነው። ሽቦ የወፎቹን ዕድሜ አያውቅም፤ ከርነሉም አያውቅም። የሚያውቁት ጋሼ ናቸው።

ምናልባት ግድግዳው ላይ ባለ ሁለት ቦታ ማብሪያ ሰክቼ፣ አንዱን ለጫጩት፣ ሌላውን ለአደጉት አድርጌ፣ ጂፒአይኦሞን ለውጡን እንዲያነብ ማድረግ እችላለሁ። ነገር ግን ማንበብም ያዥ ይፈልጋል፤ ያነበበው ፕሮግራም በወደቀ ጊዜ ማብሪያው ትርጉም አይኖረውም። ማብሪያው ሪሌይዋን አልፎ በቀጥታ ኮንታክተሩ ላይ ቢገባ ይሻላል እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ፓይዋ ምን ቀራት እላለሁ፤ ሙቀቱን ትመዝግብ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ… እርሱን ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ተነጋግሬ እነግራችኋለሁ።