መለያውን ሳናይ እንቅመስ

ጎረቤቶቻችን፣ ወዳጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ወደ ሱቃችን ሳምንታዊ የወይን ቅምሻ በደህና መጣችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ገና በሩ ላይ «እኔ እንኳን ስለ ወይን ምንም አላውቅም» ብላችሁናል። ችግር የለም። «አዋቂ» የሚባሉትም የጠርሙሱ መለያ ሲሸፈንባቸው ያን ያህል አይበልጧችሁም። ማስረጃ አለኝ።

ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ ፓሪስ ውስጥ የወይን መሸጫ ሱቅ ነበረው። በግንቦት 1976 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰበሰበ። ሁሉም በሙያው ስማቸው የታወቀ ነበር። የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖችን፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይነግራቸው አስቀመሳቸው። ያኔ የካሊፎርኒያን ወይን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነበር። ውጤቱ ሲታይ ከነጮቹ ሻቶ ሞንተሌና፣ ከቀዮቹ ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጡ። ሁለቱም ከካሊፎርኒያ፣ ሁለቱም የ1973 ምርት። እኔን ሁሌም የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። አንዱ ዳኛ የካሊፎርኒያ ነጭ ወይን ቀምሶ «አሁን ወደ ፈረንሳይ ተመለስን» ማለቱን በቦታው የነበረው ብቸኛ ጋዜጠኛ ጽፎታል።

ሰውየው ላይ ለማሾፍ አይደለም። ሁላችንም እንደዚያው ነን። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በፈረንሳይዋ የወይን አገር በቦርዶ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ የባሰ ነው። ነጭ ወይን ወስደው ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አስመሰሉት። ከዚያ የወይን ሙያ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹ የወይኑን ሽታ የገለጹት ለቀይ ወይን በሚባሉት ቃላት ነበር። ዓይናቸው አፍንጫቸውን ቀደመው ማለት ነው።

ስለዚህ እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለን፤ መጀመሪያ ይቀመሳል፣ ከዚያ ይወራል፣ መለያውና ዋጋው የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ጠርሙሶቹ በጨርቅ የተጠቀለሉት ለዚህ ነው። ዋጋው ቀድሞ ከታወቀ ውዱን «ግሩም ነው» ያላለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

«በየሳምንቱ ለምን አስፈለገ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። የጣዕም ትውስታ ቶሎ ይጠፋል። አንድን ወይን ብቻውን ስትጠጡት ጥሩ ነው ወይም አይደለም ከማለት ውጪ ብዙ የምትሉት አይኖርም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጓቸው ግን ልዩነቱ ራሱ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘን የምንቀርበው። አንድ ሳምንት ያው አንድ የወይን ፍሬ ዝርያ ቀዝቃዛ ቦታና ሞቃት ቦታ በቅሎ ይመጣል። የሞቃቱ ቦታ ፍሬ ስኳሩ ይበዛል፤ ያ ስኳር ሲብላላ አልኮሉን ከፍ ያደርገዋል፣ አሲዱ ግን ይቀንሳል። የቀዝቃዛው ቦታ ቀለል ብሎ፣ ጎምዘዝ ብሎ ይመጣል። ሌላ ሳምንት አንዱ በኦክ እንጨት በርሜል፣ ሌላው በብረት ታንከር የቆየ ይሆናል። እንዲህ እያልን ጥቂት ወራት ከሄድን ማንም ሳያስተምራችሁ የምትወዱትን ለይታችሁ ታውቃላችሁ።

ትላልቅ ቃላት አትፈልጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ለዩልኝ። ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁ በምራቅ ከሞላ፣ ያ አሲድ ነው። ድዳችሁ ከደረቀና ምላሳችሁን ያዝ ካደረገው፣ ያ ታኒን ነው። ታኒን በአብዛኛው ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ይመጣል። ቀይ ወይን ከነቆዳው ስለሚብላላ ብዙ አለው። ነጩ ቀድሞ ስለሚጨመቅ ትንሽ ነው ያለው። ይህን ከያዛችሁ «ከበደኝ»፣ «ጎመዘዘኝ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ እኛም እንረዳለን።

አንድ ነገር ደግሞ በይሉኝታ እንዳታልፉ። ወይኑ እርጥብ ካርቶን ወይም የታፈነ ምድር ቤት ከሸተታችሁ ንገሩን። ቲሲኤ የሚባል ውህድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቡሹ ይመጣል። እጅግ ጥቂቱ እንኳን የፍሬውን መዓዛ ያጠፋዋል። ጤና ላይ ጉዳት የለውም፣ ወይኑ ግን ተበላሽቷል። ሌላ ጠርሙስ እንከፍታለን። የኔ ፍርሃት ጨዋ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ መጠጣታችሁ ነው።

መትፋት እዚህ ነውር አይደለም። ባልዲዎቹ ለዚያ ነው የተቀመጡት። የምንቀዳው በግምት 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ለ15 ሰው ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ስድስት ዓይነት ከቀመሳችሁ ሁለት ሙሉ ብርጭቆ ጠጣችሁ ማለት ነው። መኪና የያዛችሁ ትፉ፣ ወይም ቁልፉን ለሌላ ስጡ። «ለልብ ጥሩ ነው» የሚለውንም እዚህ አንሸጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለጤና ደህና የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። እኛ የምንቀምሰው ስለሚጣፍጠን ነው፣ አለቀ። ሽቶ የተቀባችሁ ደግሞ ለዛሬ ይቅር ብለናል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አደራ፣ የጎረቤታችሁን አፍንጫ አትያዙበት።

ብትገዙ ደስ ይለናል፤ ሱቅ ነው፣ አንዋሽም። ባትገዙም ማንም በሩ ላይ አይጠይቃችሁም። ከግዢው ይልቅ የምንፈልገው አስተያየታችሁን ነው። መደርደሪያችን ጠባብ ነው፤ ሁሉንም ማምጣት አንችልም። «ይሄን አልወደድኩትም» ያላችሁት ከበዛ ድጋሚ አናዘውም። ሁለት ሰው ሽንጡን ገትሮ የተከራከረበት ወይን ግን እኔ በበኩሌ ሁሌም ይመለስ ባይ ነኝ። ሁሉም ዝም ብሎ «አሪፍ ነው» ያለው ቶሎ ይረሳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጨርቅ የለበሰው ነጭ ነው። ከፍሪጅ የወጣው ቀደም ብሎ ነው፤ በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይደበቃል። ብርጭቆውን ከእግሩ ያዙት፣ ዞር ዞር አድርጉትና አሽትቱ። ከዚያ ቅመሱና መጀመሪያ የመጣላችሁን ቃል ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ከኋላ ወንበር እንጀምር።