ሞምባሳ በአራት ቀን፤ ፕሮግራሙን ባሕሩ ያውጣልን

ለጉዞ እቁብ አባላት የቀረበ ንግግር

ውድ የጉዞ እቁባችን አባላት፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ!

ሰብሳቢያችን ወደ ኬንያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ወደ ሞምባሳ፣ ስለምናደርገው ጉዞ ሐሳብ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ በደስታ ነው እሺ ያልኩት። ከተማዋን እወዳታለሁ። ከዚህም በላይ ግን አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምጽዋንና አሰብን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አሉ። ባሕር ለማየት አውቶቡስ መሳፈር ብቻ ይበቃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የተወለደው ልጃቸው ግን ባሕር ለማየት ፓስፖርት ማውጣት አለበት። ከመካከላችን ብዙዎች ጨው ውኃ ውስጥ እግራቸውን ነክረው አያውቁም። ይህ ጉዞ ለእነሱ የመጀመሪያው ነው። በጥድፊያ እንዲያልፍባቸው አልፈልግም።

ይህን የምለው ከአባላት የተሰበሰበውን የፍላጎት ዝርዝር ስላየሁት ነው። ናይሮቢን መዞር፣ ጻቮ ፓርክ፣ ማሊንዲ፣ ዲያኒ፣ ፎርት ጂሰስ፣ የጀልባ ሽርሽር፣ ገበያ። ይህ ሁሉ በአራት ቀን! ማሊንዲ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደርሶ መልስ አንድ ቀን ሙሉ በላ ማለት ነው። ዲያኒ በጣም ውብ ነው፤ ግን በደቡብ በኩል ነው። ሞምባሳ ራሷ ደሴት ናት። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው በተለምዶ ሊኮኒ ላይ በፌሪ፣ ሰውና መኪና በሚያሻግር መርከብ፣ ይሻገራል፤ ሰልፉ ደግሞ አይጣል ነው። ዝርዝሩን እንዳለ ከተከተልን የምናየው መንገድ ብቻ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኸውና። ማሊንዲም ዲያኒም ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። ከደሴቷ በስተሰሜን፣ ኒያሊ ወይም ባምቡሪ ዳርቻ ላይ አንድ ማረፊያ እንያዝ። በአራቱም ቀን አንቀይረው። ከዚያ ወደ ከተማው የሚያስገባው ድልድይ ስለሆነ ፌሪ አንጠብቅም። ፕሮግራሙን ደግሞ ባሕሩ ያውጣልን።

እንዴት ነው ባሕር ፕሮግራም የሚያወጣው? ለደጋ ሰው ይህ አዲስ ነገር ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ጣናና የሐዋሳ ሐይቅ ጠዋትም ማታም ያው ናቸው። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ሞምባሳ ላይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጎድሎ ያገኘው ሰው ደንግጦ "ባሕሩ የታል?" ይላል። ውኃው ሸሽቶ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሠሩት ድንጋይ ብቻ ይታያል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያው ቦታ ለመዋኛ ይሆናል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በዚያ ዳርቻ ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነችበት ሰሞን ውኃው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጎድሎ ነው የሚገኘው። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ደግሞ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ይጠብቃል፤ ልዩነቱም ያን ያህል አይሰፋም። እናቶቻችን ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ውኃ ውስጥ እንዲገቡ ከፈለግን የጉዞውን ቀን ስንመርጥ የግማሽ ጨረቃን ሰሞን እንምረጥ። ለዚህ ክፍያ የለውም። ካላንደር ማየት ብቻ ነው።

ውኃው በጎደለ ሰዓት ኮራሉ ላይ መራመድም ደስ ይላል። ጫማ ግን የግድ ነው። ድንጋዩ መሐል ዙሪያውን እሾህ የለበሰ ጥቁር ፍጥረት አለ፤ በባዶ እግር የረገጠው ሰው ጉዞው እዚያው ያበቃል። ዋና የማትችሉ ደግሞ ከወገብ በላይ አትግቡ። ኮራሉ ትልቁን ሞገድ ስለሚያስቀርልን ውኃው የዋህ ይመስላል። ነገር ግን መጉደል ሲጀምር ወደ ውጭ ይስባል። ልጆችን በዓይናችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙ።

ወሩስ? ብዙ ሰው ፋሲካን ጠይቋል። ፋሲካን አልመክርም። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ይውላል፤ ኬንያ ዳርቻ ላይ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። ክረምታችን መጥፎ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ናቸው። ግን ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፣ የባሕር ሣርም ዳርቻው ላይ ይከምራል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ካስካዚ ይባላል። ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ውኃው ይጠራል። ድሮ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች በካስካዚ መጥተው በኩሲ ይመለሱ ነበር፤ ከተማዋን ያቆማት የእነሱ ንግድ ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያለው ሳምንት ወይም የካቲት ይሻለናል። የፈረንጆቹ የገና ግርግርም ያኔ ያበቃል፣ የማረፊያ ዋጋ ይረግባል። ሙቀቱ ግን ይበረታል፤ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ እንሁን።

አካሄዳችንን በተመለከተ እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በባቡር እንሂድ እላለሁ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረ ነው። 470 ኪሎ ሜትር ገደማውን ከ5 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። በጻቮ መሐል ስለሚያልፍ ፓርኩን ከመስኮት እናየዋለን። እዚያ ያሉት ዝሆኖች በአፈሩ ምክንያት ቀይ ናቸው፤ ዕድለኛ ሰው ያያቸዋል። ጻቮን ከዝርዝሩ ስናወጣ ያዘናችሁ በዚህ ተጽናኑ። ትኬቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ አስቀድመን እንቆርጣለን። ጣቢያው ላይ ሻንጣ ሁሉ በውሻ ስለሚፈተሽ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ አለብን። ለመመለሻ ግን ከሞምባሳ ቀጥታ አዲስ አበባ እንብረር። ደክሞን እንደገና ናይሮቢ መግባት ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ባለ ጀልባው "ሳ ታቱ" ካላችሁ የኛው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የባቡርና የአውሮፕላን ትኬት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው። እሱን አስተባባሪው ወደ እኛ ሰዓት ቀይሮ ለየአንዳንዱ ሰው በወረቀት ይስጥ።

አሁን ወደምወደው ሰፈር፣ ወደ አሮጌው ከተማ ልውሰዳችሁ። እዚያ የምንሄደው ፀሐይ ስትበርድ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ቤቶቹ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ፣ በሮቻቸው የተቀረጸ እንጨት። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 አካባቢ ሞምባሳን ሲያይ ስለ ሙዟና ስለ ዓሣዋ ጽፏል። ዛሬም ሁለቱም ሞልተዋል። ሰፈሩ የሙስሊሞች ነው፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ደግ ነው። ለእናቶቻችን ነጠላቸው ይበቃል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ማታ ማታ ቡና ሻጩ የናስ ጀበናውን በከሰል እያሞቀ በትንንሽ ሲኒ ይቀዳል። ቡናው መራራ ነው፣ ስኳር የለውም። ከጎኑ ከኮኮናት የተሠራ ጣፋጭ፣ ካሻታ፣ ይቀርባል። የቡና አገር ሰዎች ነንና ቁጭ ብለን፣ ሳንጣደፍ እንጠጣው።

ምግብ የሚያሳስባችሁ አላችሁ። ለሙስሊም አባሎቻችን ምንም ችግር የለም፤ የሩዝ ምግቦቹ ቢሪያኒውና ፒላው በአብዛኛው ሐላል ናቸው። በጾም ቀን ላለ ደግሞ ምባዚ አለ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ የአተር ዓይነት ወጥ ነው። ጠዋት ማሃምሪ ከሚሉት፣ ሄል ከገባበት ጥብስ ሊጥ ጋር ይበሉታል። ዓሣ የሚበላ ሰው እዚያ አገር አይራብም።

ፎርት ጂሰስን ጠዋት በማለዳ እናያለን፤ ግቢው ጥላ የለውም። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የሠሩት ምሽግ ነው። ከላይ ሲታይ በጀርባው የተኛ ሰው ቅርጽ አለው። ከ1696 ጀምሮ የኦማን ዓረቦች ለ33 ወር ያህል ከበው በ1698 ያዙት። እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አደረጉት። አሁን ሙዚየም ነው፤ ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በከበባው ወቅት በ1697 እዚያው ምሽጉ ሥር ከሰጠመችው የፖርቱጋል መርከብ የወጡ ዕቃዎችን ሳታዩ እንዳትወጡ። የፖርቱጋል ወታደሮች ግድግዳ ላይ የሣሏቸው መርከቦችም አሉ።

እዚህ ላይ ታሪክ ለምትወዱ አባቶች አንድ ነገር አለ። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1498 ነው። ልጁ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ደግሞ በ1541 በምጽዋ በኩል 400 ወታደር ይዞ ወደ እኛ አገር ገባ። ከአሕመድ ግራኝ ጦር ጋር ተዋግቶ በ1542 እዚሁ ሞተ። እኛ ተራራ ላይ ሆነን ያገኘናቸው ሰዎች ያንን ዳርቻ ሁሉ ይዘው ነበር። ምሽጉ ላይ ቆማችሁ ወደ ባሕሩ ስታዩ ይህን አስቡት።

ሞይ ጎዳና ላይ ያለው በዝሆን ጥርስ ቅርጽ የተሠራ ቅስት ለፎቶ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ልጆች ላሏችሁ ግን ሃለር ፓርክን አጥብቄ እመክራለሁ። ድሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ አውጥቶ የተወው ባዶ ጉድጓድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ሬኔ ሃለር የተባሉ ባለሙያ ሸውሸዌ እየተከሉ፣ ቅጠሉን ወደ አፈር የሚለውጡ ባለብዙ እግር ትሎች እያራቡ ጫካ አደረጉት። ዛሬ ጎብኚ ቀጭኔን በእጁ ይመግብበታል። የድንጋይ ካባ የተቦረቦረበት አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን ማየታችን ይጠቅመናል።

ዝግጅታችንን በአጭሩ። ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገንም፤ ፓስፖርት ግን የግድ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተወስዶ ካርዱ ይያዝ። ሞምባሳ ወባ አለ፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሰውነቱ አልለመደውም። ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ያለው ክፍል እንጠይቃለን። ዕቃችሁን በፌስታል አትቋጥሩ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ባጃጅም ሆነ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ተስማሙ።

ከአዳራሹ ሳንወጣ ሁለት ነገር እንወስን። አንደኛ፣ ከጥምቀት በኋላ ይሁን ወይስ የካቲት? የግማሽ ጨረቃውን ሰሞን እኔ አውጥቼ ለሰብሳቢያችን እሰጣለሁ። ሁለተኛ፣ ማሊንዲና ዲያኒ ይቅሩ ወይስ ይግቡ? የማትስማሙ ካላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ሐሳባችሁን ሰምተን በእጅ ድምፅ እንስጥበት። አመሰግናለሁ።