የሳለውስ ማን ነው?

ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! አዘጋጆቹ ስለ ሊሚትድ ኢዲሽን፣ ማለትም በተወሰነ ኮፒ ብቻ ስለሚታተሙ ህትመቶች አያያዝ ተናገር ብለውኛል፤ እናገራለሁ። ግን መጀመሪያ ውስጤን ሲበላኝ የከረመ ነገር አለና እሱን ልተንፍስ። ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

በቅርቡ አንድ ሻጭ ዘንድ የስፓይደርማን ስክሪን ፕሪንት ለማየት ሄጄ ነበር። ህትመቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጋደል ስታደርጉት የቀዩ ቀለም ጠርዝ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ጥቁሩ መስመር ቀዩ ላይ በስሱ ተደርቦ ነው ያረፈው፤ ጭንብሉ ላይ ያለው ድር አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ተዘጋጅቶ፣ ቀለሙ በጎማ እየተገፋ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ከታች በእርሳስ የተጻፈ ቁጥርና ፊርማ አለ። ሰርተፊኬቱማ አይወራ! የወረቀቱ ዓይነት፣ የቀለሞቹ ብዛት፣ ስንት ኮፒ እንደታተመ፣ ምንም የቀረ ነገር የለም። "የመጀመሪያውን ሥዕል የሳለው ማን ነው?" አልኩት። "ከኮሚክ የተወሰደ ነው" አለኝ። "እሱማ ይታያል፣ ኮሚኩን ማን ሳለው?" ሰውዬው ግራ ገባው። ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፣ አጣ፣ ባልደረባውን ጠራ። ባልደረባውም መጥቶ "የኩባንያው ነው" አለኝና አረፈው።

የኩባንያው! ኩባንያ እጅ የለውም፣ ወዳጆቼ። ያንን ጭንብል፣ ያንን እንደ ሸረሪት የታጠፈ ሰውነት እ.ኤ.አ. በ1962 ወረቀት ላይ ያወጣው ስቲቭ ዲትኮ የሚባል ሰው ነው። ስሙን መጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል?

ነገሩ የቆየ ነው፤ ታሪኩንም አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጄሪ ሲገል ጻፈ፣ ጆ ሹስተር ሳለ፤ በ1938 የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡ። ከዚያ በኋላ ጀግናው ዓለምን ሲያዳርስ የፈጣሪዎቹ ስም ለብዙ ዓመታት ከገጹ ጠፋ። በ1975 የሙያ ባልደረቦቻቸው ጮኸው፣ ለየራሳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ተቆረጠላቸው፣ ስማቸውም ተመለሰ። ሹስተር ያን ጊዜ ዓይኑ ደክሟል። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል "ሚትስ" የተባለውን የ10 ህትመቶች ስብስብ በ200 ኮፒ አወጣ፤ ሱፐርማንም አለበት። ዛሬ ስለዚያ ህትመት ሲወራ የምሰማው ስለሚያብረቀርቀው የአልማዝ ብናኝ ነው። ሹስተር የሚል ግን አልሰማም።

ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ሮይ ሊክተንስታይንም እንደዚሁ። "ዋም!" የተባለው የ1963 ሥዕሉ በ1962 ከወጣ የጦርነት ኮሚክ የተነሳ ነው፤ ያንን ገጽ የሳለው አርቭ ኖቪክ ነው። ሥዕሉን የለንደኑ ቴት ሙዚየም በ1966 ገዛው። እኔ ሊክተንስታይንን እወደዋለሁ። አጉልቶታል፣ ቀይሮታል፣ የማይፈልገውን አውጥቷል፤ ያ የሱ ሥራ ነው፣ ማንም አይወስድበትም። ፖፕ አርት የሚባለው የሁለቱ የአሣሣል ዘይቤ ከገበያ፣ ከጋዜጣ፣ ከኮሚክ መውሰዱንም አልቃወምም። መውሰድ ሌላ፣ የወሰዱበትን ሰው ስም መዋጥ ሌላ!

እኛስ? እኛ ሰብሳቢዎች ምን እንጠይቃለን? "የኮፒው ተራ ቁጥር ስንት ነው? 7 ነው ወይስ 170?" ለትንሽ ቁጥር እንሻማለን፤ ቁጥሩ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቶቹ ደርቀው ከተቀላቀሉ በኋላ ስለሆነ፣ ቁጥር 7 ሰባተኛ የታተመው ነው ማለት አይደለም። ምንም ለማይነግረን ቁጥር ገንዘብ እንጨምራለን፤ ጀግናውን ለፈጠረው ሰው ግን አንድ መስመር ቦታ የለንም። ይሄ ነውር ነው! እኛ ካልጠየቅን ሻጩ አይጽፍም፤ እኛ አንገዛም ካልን ግን በማግሥቱ ይጽፋል።

አሁን ወደ ታዘዝኩበት። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ቀዩና ቢጫው ቶሎ ይለቃሉ። መስታወቱ ቀለሙን አይንካ፣ ከጀርባ የሚገባው ካርቶን ከአሲድ ነፃ ይሁን፣ ፕላስተር የሚባል ነገር አይጠጋው። ጥቅል ቱቦ ለጉዞ እንጂ ለዓመታት ማስቀመጫ አይደለም። ስክሪን ፕሪንት ነው ተብሎ ለሚሸጥላችሁ ኢንክጄት፣ ማለትም ቀለም በሚረጭ የኮምፒውተር ማተሚያ ለወጣ ህትመት ደግሞ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ፤ ድፍን ያለ ቀለም በምትጠብቁበት ቦታ የተበተኑ ደቃቅ የቀለም ነጠብጣቦች ካያችሁ አስቀምጡትና ውጡ። ሌላውን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ኤግዚቢሽናችን ላይ ከአርቲስቱ ስም ሥር፣ በእኩል የፊደል መጠን፣ የኮሚኩ ሠዓሊ ስም ይጻፍ። ስሙ የሌለበት ህትመት ግድግዳችን ላይ አይውጣ። በድሮ ኮሚኮች ላይ የሠዓሊው ስም የማይታተምበት ጊዜ እንደነበር አውቃለሁ፤ ፍለጋው ሊያደክመን ይችላል። ስሙ የጠፋባችሁ ህትመት ካለ ይዛችሁ ኑ። የድሮ እትሞች የሰበሰቡ ልጆች እዚሁ ከመካከላችን አሉ፤ ተቀምጠን ገጽ በገጽ እንፈልገዋለን።