«ነጥብ ጣለ»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከድሬዳዋ ነው የምናገረው። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል፤ ሙቀቱ ግን ገና ከግድግዳው አልወጣም። ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ማራገቢያውን አጥፍቼዋለሁ። መስኮቱን መዝጋት ግን አልቻልሁም፤ ስለዚህ በመሃል ባጃጅ ሲያልፍ ትሰሙ ይሆናል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ቃላት ነው። «ነጥብ ጣለ» ስለሚሉት ቃላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክለባችን ድሬዳዋ ከተማ ከአዲስ አበባ ታላላቅ ክለቦች ከአንዱ ጋር ተጫወተ። ጨዋታውን ያየሁት ሳቢያን ውስጥ ካለ አንድ ሻይ ቤት ነው። ወንበር አልቆ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልጆቻችን ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ታግለው አንድ ለአንድ ወጡ። ከሁሉም በላይ ግን ግብ ጠባቂያችን! በሁለተኛው አጋማሽ ከቅርብ ርቀት፣ መሬት ለመሬት፣ በኃይል የተመታች ኳስ ነበረች። ሁላችንም ገባች ብለን ዓይናችንን ጨፈንን። እሱ ወደ ግራው ተወርውሮ በጣቶቹ ጫፍ ነካት፤ ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ወጣች። አጠገቤ የነበረው ሰው ብርጭቆ እንደያዘ ዘልሎ ተነሳና ትኩስ ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። እሱም አላየም፣ እኔም አልተሰማኝም። የተቃጠለውን ያየሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮ ከፈትሁ። ዜናው የጀመረው እንዲህ ነው፤ እገሌ የተባለው ክለብ ነጥብ ጣለ። ከዚያ አሠልጣኙ ምን እንዳሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማን ከጉዳት እንደሚመለስ፣ ደጋፊው ምን ያህል እንዳዘነ ተነገረ። ያቺ ኳስስ? ለእሷም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት። «አጥቂው በሁለተኛው አጋማሽ ያገኘውን መልካም አጋጣሚ ሳይጠቀምበት ቀርቷል» አሉ።

ሳይጠቀምበት ቀርቷል!

እዚያው ቆሜ እጄን አየሁት። ቀይ ምልክቱ አልጠፋም። ይህን ያህል ሰው ከወንበሩ ያስነሳ ልጅ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ኳሷን ያዳናት ሰው የለም፤ ኳሷን የሳታት ሰው ብቻ አለ። አንድም ስድብ፣ አንድም ውሸት አልተነገረም። ሁሉም ቃል በየራሱ እውነት ነው። ተሰብስቦ ሲታይ ግን አንዱ ቡድን ብቻውን ሜዳ ገብቶ፣ ብቻውን ተጫውቶ፣ ብቻውን ነጥብ ጥሎ የወጣ ይመስላል። የጣለውን ያነሳው ማን ነው? እኛ ነን። እኛ ግን በዜናው ውስጥ የሜዳው ሣር ነን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስታወሻ ደብተር ይዤ መስማት ጀመርሁ። ስናሸንፍ «ያልተጠበቀ ሽንፈት ገጠመው» ይላሉ፤ የሽንፈቱ ባለቤት ሌላው ነው። ስንሸነፍ «ወደ መሪነቱ ተጠጋ» ይላሉ፤ አሁንም ባለቤቱ ሌላው ነው። በቀጥታ ሥርጭት ላይ የባላጋራው አማካይ በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ ቀድሞ በተጫወተባቸው ክለቦች ጭምር ይጠራል። የእኛው ልጅ ኳስ ሲቀማው «የድሬዳዋው ተከላካይ» ይባላል። ስሙ ጀርባው ላይ ተጽፎአል እኮ! አጭር ስም ነው። ለመጥራት አይከብድም።

ምክንያቱን ሳስበው ክፋት አይመስለኝም። አብዛኛው የስፖርት ጋዜጠኛ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ልምምድ የሚያየው፣ ከአሠልጣኝ ጋር ቡና የሚጠጣው፣ ተጫዋች ደውሎ የሚያገኘው እዚያ ነው። እኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን በረሃ ዳር ነው ያለነው። ብዙ ደጋፊ ያለው ክለብ ብዙ አድማጭ ያመጣል፤ ብዙ አድማጭ ደግሞ ማስታወቂያ ያመጣል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምርና ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱ ድሬዳዋም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን በዓይናቸው ያዩናል፣ ስማችንን ያውቁታል ብዬ ነበር። ካሜራው መጣ፣ ሜዳችንም በጥሩ ሁኔታ ታየ። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንደነበረ ቀረ።

ለራሴም ያልራራሁበትን ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ጨዋታ ላይ የተከለከልነው ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ተንታኙ «ዳኛው ትክክል ናቸው» ሲል አመመኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ተከራከርሁ። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ምስሉን በስልኩ አምጥቶ በዝግታ አሳየኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አየሁት። ተከላካዩ ኳሷን ነው የነካው፤ የእኛ አጥቂ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ተንታኙ ልክ ነበር፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። ያንን ተንታኝ በሐሜት ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት ሳስብ አፈርሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ የፕሪንስተንና የዳርትመዝ ዩኒቨርሲቲዎች በእነሱ ዓይነት እግር ኳስ ተጋጥመው ብዙ ጥፋትና ጉዳት የታየበት ጨዋታ አደረጉ። ሃስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች አሳይተው ጥፋት አስቆጠሯቸው። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትመዝ ቡድን ላይ ያዩት ጥፋት፣ የዳርትመዝ ተማሪዎች በራሳቸው ቡድን ላይ ካዩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ ግን አንድ ነው። እዚያው አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ቤይሩት ውስጥ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የቀረበን የቴሌቪዥን ዜና ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለአረቦች ደጋፊዎች አሳየ። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ዜና አይተው «ለእነዚያ ያደላል» አሉ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ። ቅሬታዬ ሁሉ የዓይኔ ጥፋት ነው ማለት ነው? ብዬ አሰብሁ። ማስታወሻ ደብተሬን እንደገና ገለጥሁት። ስለ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ስለ ቢጫ ካርድ፣ ስለ ከጨዋታ ውጭ የጻፍሁትን አንድ በአንድ ሰረዝሁት። በዚያ ላይ ዓይኔን አላምነውም። ያቺን ኳስ ግን መሰረዝ አልቻልሁም። ደጋፊ የተባለውን ነገር አጣምሞ ሊሰማ ይችላል፤ ያልተባለውን ግን ምኑን ያጣምመዋል? የግብ ጠባቂያችን ስም አልተጠራም። ይህን ከየትኛውም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ያረጋግጠዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ አጫወትኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሁለቱም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታቸው በር ላይ ከዛፉ ሥር ተቀምጠን ነበር። የፋብሪካው ቡድን፣ ኮተን፣ አምስት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ አብዛኛውን ዋንጫ ያነሳው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። አምስት ጊዜ! ዛሬ በስፖርት ፕሮግራሞች የሊጉ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ ከ1990 ዓ.ም. ይጀመራል፤ ፕሪሚየር ሊጉ የተመሠረተው ያኔ ስለሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ጭጋግ ነው። በ1968 ዓ.ም. አገራችን አሥረኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታዘጋጅም አንዱ ምድብ የተጫወተው እዚሁ እኛ ከተማ ነው፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆና መጥታ ከዚህ ነው ተሰናብታ የሄደችው። የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደችው ሞሮኮም ጉዞዋን የጀመረችው ድሬዳዋ ላይ ነው። ጋሼ ሦስቱንም የሞሮኮ ጨዋታዎች ስታዲየም ገብተው አይተዋል።

ሰምተውኝ ሲያበቁ ምንም አልመለሱልኝም። ወደ ውስጥ ገብተው ፎቶግራፍ ይዘው ወጡ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዞቹ ተበልተዋል። አሥራ አንድ ወጣቶች፣ ስድስቱ ቆመው አምስቱ ተንበርክከው። የፊተኛው መሃል ያለው ኳሱን በሁለት እጁ ይዞአል። ጋሼ ገለበጡትና ጀርባውን አሳዩኝ። በሰማያዊ ቀለም በቁም ጽሕፈት ስሞች ተደርድረዋል። የላይኛው ረድፍ በሙሉ ይነበባል። የታችኛው ረድፍ ላይ እርጥበት ገብቶ ቀለሙ ፈስሷል፤ ሁለቱ ይነበባሉ፣ ሦስቱ ሰማያዊ ጠብታ ብቻ ናቸው።

«እነዚህ እነማን ናቸው ጋሼ?» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አንዱን ወዲያው አወቁት። ሌላውን ትንሽ አስበው አገኙት። ኳሱን በያዘው ልጅ ላይ ግን ጣታቸው ቆመ።

«ግራ ክንፍ ነበረ። ሲሮጥ አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብል ነበር። ሽመና ክፍል ነበር የሚሠራው፤ ምሳ አብረን በልተናል...»

ብዙ ዝም አሉ። ነፋስ የለም፣ ቅጠሉም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ስሙ ጠፋኝ» አሉ።

ምን እንደምል አላወቅሁም። ጉሮሮዬን ያነቀኝ ነገር ነበር። እሳቸው ናቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽር ልጄ» ያሉኝ። በፋብሪካው አብረዋቸው የሠሩ፣ አሁን መልካ ጀብዱ የሚኖሩ አንድ ሰው እንዳሉና ምናልባት እሳቸው እንደሚያስታውሱት ነገሩኝ።

እንግዲህ የፊታችን እሑድ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ጋሼን ባጃጅ አሳፍሬ መልካ ጀብዱ እንሄዳለን። ፎቶውን በፕላስቲክ ጠቅልለነዋል። ይህን የምቀዳበትን መሣሪያም እይዛለሁ። በሳምንቱ ከዚህ ፕሮግራም መጀመሪያ የምትሰሙት የአሥራ አንዱን ስም ነው፤ የተገኘውን ያህል። ቀጥሎ ደግሞ የግብ ጠባቂያችንን ስም ከነአባቱ እጠራለሁ፤ ያቺን ኳስ እንዴት እንዳወጣትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እተርክላችኋለሁ።

መልካም ሌሊት።