ክበብ ማባያ አይደለም
(ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪ ክበባት አባላት የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ልጆቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ጡረታ የወጣ መምህር ማይክ ሲጨብጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መድረክ መሪዋ ልጄ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እጅሽን አውጪልኝ። ካላቆምኩ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ያቆመኛል።

ስለ ተማሪ ክበባት ተናገር ተባልኩ። እኔ የመጣሁት ግን አንዲት ነገር ለማለት ነው። ክበብ የራሱ ክፍል ይኑረው፤ የክፍሉም ቁልፍ ተማሪው እጅ ይሁን። አለቀ። ይህን ለምን እንደምል እንዲገባችሁ ግን በመንዝ በኩል ዞሬ ልምጣ።

የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። በ1963 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ዓመት አንድ ቀጭን አስተማሪ መጣልን። ጃኬቱ ለመንዝ ብርድ የማይሆን ስስ ነገር ነው። “ሰርቪስ ነው” ተባለ። እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርደው ያገለግሉ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ አሠራር ነው። አብዛኞቹ የሚመደቡት ለማስተማር ነበር።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ማለት ሰው ድምፁን አጥፍቶ መጽሐፍ የሚያነብበት ገዳም ይመስለን ነበር። እሱ ግን ስለ ስድስት ኪሎ ሲያወራ ክፍል የሚባል ነገር ትዝም አይለው። ወሬው ሁሉ ክርክር፣ ቴአትር፣ የተማሪ ጋዜጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገና ኮሌጅ ሆኖ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የመጣ “የኮሌጅ ቀን” የሚባል በዓል እንዳለ ነገረን። ተማሪው ጃንሆይ ፊት ቆሞ የገዛ ግጥሙን ያነባል። በ1950ዎቹ ግጥሙ ስለ ደሃው መናገር ጀመረ፤ ቤተ መንግሥቱም ጆሮው ቆመ። ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እኛም ከወንበራችን ወደፊት እንሳባለን።

ከሁሉ የገረመን ግን የሙዚቃው ነገር ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል ትውልደ ግብፅ ሙዚቀኛ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ እምቢልታው፣ ከየአገሩ የመጣ ባለሙያ፣ ሁሉም ባንድ መድረክ። አንዱ ጓደኛችን እጁን አወጣና “ጋሼ፣ ማሲንቆም ፈተና አልፎ ነው የገባው?” አለ። አስተማሪያችን እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ይህን ቤት ሄጄ ብነግረው አባቴ ፊቱን አጠቆረ። “ትምህርት ቤት የላክሁህ አዝማሪ እንድትሆን ነው?” አለኝ። የዚያን ጊዜ ሰው ለማሲንቆ ያጨበጭባል፤ ማሲንቆ ለሚመታው ልጁን አይድርም። አባቴም እንደ ሰዉ ነው።

አስተማሪያችን የድራማ ክበብ እናቋቁም አለ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የተሰበረ ዴስክ የሚጣልበት መጋዘን ነበር። ቁልፉን ለመነ። ርእሰ መምህሩ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡትና “እንዳይጠፋ” ብቻ አሉት። ምን ልትሠሩ ነው፣ ጽሑፉን አምጡ፣ ማን ፈቀደ የለም። እሱም በሲባጎ አሰረና የአንዷ ልጅ አንገት ላይ አንጠለጠለው። የኩሱን ክምር ጠርገን ስንጨርስ ክፍሉ የኛ ሆነ።

ስለ አንድ ዳኛ የሚያወራ ድራማ ደረስን። ዳኛው እኔ ነኝ። ጢሜ የበግ ጠጉር ነው፤ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ። መጋረጃችን ባና ነበር። ዳኛ ያለ በርኖስ ደግሞ ምን ዳኛ ነው? የአባቴን በርኖስ ሳላስፈቅድ ይዤ ወጣሁ።

አባቴ ሊያይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። መጣ። በጋቢው ተጠቅልሎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ፍርድ ልሰጥ ጉሮሮዬን ስጠርግ “ያ የኔ በርኖስ አይደለም እንዴ!” ብሎ ተነሣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ “ዝም በል፣ ችሎት ነው!” ብዬ ጮህኩበት።

ተቀመጠ! አባቴ ተቀመጠ።

ማታ ዱላውን እየጠበቅሁ ገባሁ። “ችሎት ባይሆን ኖሮ…” አለና ተወው። ከሳምንት በኋላ ሽሮውን እየበላ፣ ቀና ሳይል፣ “ቀጣዩ መቼ ነው?” ሲል ጠየቀኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። እኔም በተራዬ አስተማሪ ሆኜ የድራማ ክበብ መራሁ። የት እንደሆነ ይቅር። አራት ወር የተለማመድነው የሃምሳ ደቂቃ ቴአትር ነበረን። አንድ መሥሪያ ቤት “በስብሰባችን ላይ አቅርቡ” አለ። ደስ አለን። ልጆቹ አበባ ይዘው በር ላይ ሦስት ሰዓት ነፋስ ላይ ቆሙ፤ እንግዶቹ ዘግይተዋል። ከዚያ አንዱ መጣና “ሃያ ደቂቃ አድርጉት” አለ። ቆይቶ “አምስት”። በመጨረሻ “ቴአትሩ ይቅርና ትንሽ ጨፍሩ፣ እንግዶቹ ደክሟቸዋል” አለ። ዋናዋ ተዋናይት ከአዳራሹ ኋላ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ ኩሏን ስትጠርግ አየኋት። አልቀስኩም አለችኝ። በሳምንቱ የክፍላችንን ቁልፍ ተቀበሉን። የአሮጌ ባነር ማስቀመጫ ሆነ።

እስቲ ልጠይቅ። ክበብ የስብሰባ ማባያ ነው? ተማሪ የሚፈለገው ለእንግዳ እስክስታ ሲመታ ብቻ ነው? በዓመት አንዴ አንድ ዓይነት ካናቴራ አልብሶ ፎቶ ማንሣት ክበብ ማቋቋም ነው? “ግጥማችሁን አስቀድማችሁ አስገቡ፣ እንየው” ይባላል። ጃንሆይ ፊት የተነበበ ግጥም አለ እኮ! ዛሬ የቢሮ ኃላፊ ፊት ለማንበብ ማኅተም ያስፈልገዋል? አይሆንም! ልጆቹን አትጥሯቸው ወይም ጠርታችሁ እስከ መጨረሻው ስሟቸው!

እዚህ ጋ ብታጨበጭቡ አልቀየምም።

ሌላው አጭር ነው። የእናንተ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፤ ከስድስት ኪሎ ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። ግን መንዝና ተጉለት፣ ቡልጋና ይፋት ዙሪያውን ከበውታል። የአያቶቻችሁን ፉከራና እንጉርጉሮ በስልካችሁ ቅዱት። ስልኩ ለዚህም ይሠራል።

የሴቶቹ ልምምድ ሳይመሽ ይለቅ። ወደ ጠባሴ ሰፈር በጨለማ የሚሄደው እኔ አይደለሁም።

መጽሔት ጀምሩ። ፎቶ ኮፒም ቢሆን።

እጇን አወጣች፤ አይቼሻለሁ ልጄ። የአባቴን በርኖስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከመድረኩ ጀርባ ወንበር ላይ ነው። ዛሬ ዳኛውን የሚጫወተው ልጅ ይልበሰው። ትከሻው ላይ ብል በልቶታል፤ ከሩቅ አይታይም። ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ፤ ለብሼው ነው የምሄደው።